ችግሩን ከጽሑፋችሁ አታውጡት

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ለሆቴል ባለቤቶች፣ ለአስጎብኚዎች፣ ለቡናና ለእህል ነጋዴዎች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ።

እንደምን አመሻችሁ! መግቢያ አላበዛም። ስልካችሁን አውጡና የድርጅታችሁን የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ገጽ ክፈቱ። መጨረሻ ላይ የለጠፋችሁትን አንብቡት። ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቡት ደግሞ የተሻለ ነው።

ምን እንደሚል ልገምት? «ጥራቱን የጠበቀ አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ።» «ለክቡራን ደንበኞቻችን ምቾት ዘወትር እንተጋለን።» «መጥተው ይጎብኙን፣ ይረካሉ።» ውሸት ጻፋችሁ አላልኩም። ግን ያንን ጽሑፍ ከእናንተ ገጽ አንስተን ከጎናችሁ ያለው ሆቴል ገጽ ላይ ብንለጥፈው ማንም አይነቃም። ጥርስ ሐኪም ቤት ገጽ ላይ ብንለጥፈውም ይሄዳል።

ልነግራችሁ የመጣሁት አንድ ነገር ነው። ጽሑፎቻችን ውስጥ ችግር የለም። ሁሉም ነገር ገና ከመነሻው አምሯል፣ ጸድቷል፣ ተሳክቷል። ነጋዴ ድክመቱን አያወራም ተብለን ስላደግን ችግሩን እየለቀምን እናወጣዋለን። ችግሩ ሲወጣ ግን ታሪኩም አብሮ ይወጣል። ልጆች ሆነን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የተሰበሰብነው ፍየሏ በሰላም ውላ በሰላም መግባቷን ለመስማት አልነበረም። አያ ጅቦ መምጣት ነበረበት። ስንዝሮም ስንዝር ማከል ነበረበት፤ ረጅምና ጠንካራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያስታውሰው አልነበረም።

ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች የታሪክን ዓይነት ሲቆጥሩ ኖረዋል። ፈረንሳዊው ጆርጅ ፖልቲ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የድራማ ሁኔታዎች 36 ናቸው አለ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ክሪስቶፈር ቡከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመው ወፍራም መጽሐፍ ወደ 7 አወረዳቸው፦ ጭራቁን ድል መንሳት፣ ከድህነት ወደ ሀብት፣ ፍለጋ፣ ሄዶ መመለስ፣ ኮሜዲ፣ ትራጄዲ፣ ዳግም መወለድ። ሥነ ጽሑፍ የተማራችሁ ትልም ወይም ሴራ ስትሉት የነበረው ነገር ነው። 7 ይሁኑ 36፣ ክርክሩ ውስጥ አልገባም። እኔ የማየው ሁሉም የሚጋሩትን ነው። አንድ ሰው የሆነ ነገር ጎድሎታል ወይም የሆነ ነገር መጥቶበታል። ያንን ለመወጣት አንድ ነገር ያደርጋል። ሲያበቃ እንደ በፊቱ አይደለም። ይሄን ከያዛችሁ የሰባቱን ስም ብትረሱትም ግድ የለም።

ከጭራቁ እንጀምር፣ ገበያው በጣም የሚወደው እሱን ነውና። አፕል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1984 በአሜሪካ ሱፐር ቦውል ጨዋታ መሀል አንድ ማስታወቂያ አሳየ። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ነው። ግራጫ የለበሱ ሰዎች ተደርድረው ትልቅ ስክሪን ላይ የሚለፈልፍ ፊት ያዳምጣሉ። አንዲት ሴት መዶሻ ይዛ እየሮጠች ትመጣና ወርውራ ስክሪኑን ታደቅቀዋለች። በቃ። ማኪንቶሽ የተባለው ኮምፒውተር በማስታወቂያው ውስጥ ሲሠራ አይታይም፣ ዋጋውም አይነገርም። ሰው የገባው ማን ተጨቁኖ እንደነበርና ማን ነፃ እንደሚያወጣው ነው።

ለጭራቅ ታሪክ ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ተነሱና በዚህ መስኮት ተመልከቱ። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፣ ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። መጀመሪያ አካባቢ ወሬው የባለሙያ ወሬ ነበር፤ ሄክታር፣ ወርክሾፕ፣ ጥናት። በኋላ ታሪኩ ተቀየረ። ጣና ታመመ ተባለ። ጠላቱ ስም አለው፣ ሐምራዊ አበባ አለው፣ ዓሣ አጥማጁን ከውሃው ይለየዋል፣ ታንኳውን አላሳልፍ ይላል። መሣሪያው ደግሞ ሁሉም ሰው ያለው ነገር ነው፣ እጅ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ከ200 በላይ ወጣቶች «ጣና ኬኛ»፣ ጣና የእኛ ነው፣ ብለው ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው እዚህ ድረስ መጡ፤ ውሃው ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። ማንም «ግንዛቤ ይኑራችሁ» አላላቸውም። ታሪኩ ውስጥ የሚቆሙበት ቦታ ተሰጣቸው፣ እነሱም መጥተው ቆሙበት። እኔ እስከዛሬ ካየኋቸው የማስታወቂያ ዘመቻዎች ሁሉ ከዚያ የሚበልጥ አላየሁም፣ ማስታወቂያ ድርጅት ደግሞ አልሠራውም።

ግን የጭራቅ ታሪክ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፣ መጨረሻ ይፈልጋል። የእምቦጭ ዘር ደለል ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ይበቅላል። ተነቀለ፣ ድል ተነሳ ተብሎ ፎቶው ከተለጠፈ በኋላ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ሲታይ ሰው ይደክመዋል፣ «አሁንም?» ይላል። ለነጋዴም እንዲሁ ነው። ዕቃችሁ በእርግጥ የሚገድለውን ጭራቅ ምረጡ። የልብስ ሳሙና እድፍ ይገድላል፣ ድህነትን አይገድልም። ጄኔሬተር ያለው ካፌ የመብራት መጥፋትን ይገድላል፤ ፈተና የሚያጠና ተማሪ ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ሲሄድበት ምን እንደሚሰማው ካወቃችሁ ታሪካችሁ እዚያ ነው። ደግሞ እባካችሁ ጎረቤታችሁን ጭራቅ አታድርጉ። «እንደ ሌሎቹ አናጭበረብርም» የሚል ጽሑፍ በዚህች ከተማ ስንት ቦታ አየሁ መሰላችሁ።

ከድህነት ወደ ሀብት በሚለው ላይ ቅሬታ አለኝ። አገራችን ውስጥ «ከሊስትሮነት ተነስቶ» የማይል የባለሀብት ታሪክ ማግኘት እየከበደ ነው። ቲክቶክ ሞልቶታል። ልፋቱን አከብራለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ደንበኛችሁ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ሊበላ መጥቶ ስለ ባለቤቱ ድካም ሲነገረው እሱ ታሪኩ ውስጥ የት ነው ያለው? አጨብጫቢ ነው። አጨብጭቦ ይሄዳል። ታሪኩ ውስጥ ዋናው ሰው እናንተ ከሆናችሁ ገዢው ተመልካች ነው፤ ዋናው ሰው ገዢው ከሆነ ግን እናንተ መንገድ ላይ የምታግዙት ናችሁ። በተረት ውስጥ ለመንገደኛው ምክርና ስንቅ የሚሰጡ አሮጊት አሉ አይደል? ነጋዴ ቦታው እዚያ ነው።

ይሄን ትልም በደንብ የያዘችው ቤተልሔም ጥላሁን ናት። ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ባደገችበት ዘነበወርቅ ሰፈር ስትመሠርት «እኔ ድሃ ነበርኩ» ብላ ብቻ መሸጥ ትችል ነበር። ይዛው የወጣችው ግን ሥራ ያጡ የሰፈሯን ባለ እጅ ሙያዎችና ሁላችንም የምናውቀውን በረባሶ ነው፣ ያረጀ የመኪና ጎማ ሶል። የተጣለ ጎማ፣ የተረሳ ሰፈር፣ ሥራ ያጣ እጅ። ከድህነት ወደ ሀብት የሚሄደው ብዙ ሰውና ብዙ ነገር ስለሆነ ጫማውን የሚያደርገው ሰው ራሱ አብሮ የሚሄድ ይመስለዋል።

አሁን እኔ ከሁሉም ወደምወደው ልምጣ፣ ዳግም መወለድ። ለዚህ ከባህር ዳር የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ጠዋት ጀልባ ይዛችሁ ዘጌ ውረዱ። በቡናው ጥላ ሥር ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ውጡና የመቅደሱን ግድግዳ ተመልከቱ። በላዔ ሰብ እዚያ አለ። ታሪኩን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ የካቲት 16 ሲመጣ ይነገራል። 78 ነፍስ ያጠፋ፣ ቤተሰቡን ሳይቀር የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን የተጠማ ለምጻም አገኘው። በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላው ወገን ሚዛን ላይ ተቀመጡ። እመቤታችን ጥላዋን ጣለችባት፣ ውሃዋ መዘነች።

ይህ የእምነት ታሪክ ነው። ቅዱሳንን ማሻሻጫ አድርጉ እያልኩ አይደለም፤ ሲደረግ ሳይም ደስ አይለኝም። አሠራሩን ግን እዩት። ሰዓሊው የሰውዬውን ኃጢአት አልደበቀም። ሰው ሲበላ ሣለው። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሚሳለሙበት ግድግዳ ላይ፣ ቀለም ሳይቆጥብ። ያንን ባያሳይ ኖሮ ጥርኝ ውሃ ምንድን ናት? ለሰው ውሃ የሰጠ ደግ ሰው፣ አለቀ። ከ78ቱ ጎን ስትቀመጥ ነው ሚዛን የምትደፋው።

ወደ ሥራችን እንመለስ። አንድ ሆቴል ታደሰ እንበል። ምን ብሎ ይለጥፋል? «በአዲስ መልክ ሥራ ጀምረናል! እንኳን ደስ ያላችሁ!» ከሥሩ የፊኛ ፎቶ። የድሮው እንግዳ ግን ሆቴሉን ያውቀዋል፣ ሳሙና ተቀብቶ ውሃ የጠፋበት እሱ ነው። ስለ ውሃው አንድ ቃል ካላላችሁት ፊኛው ምንም አይነግረውም። እንዲህ ቢባልስ? «አምና እኛ ጋ ያደራችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውሃ ይጠፋ ነበር። ሳሙና ተቀብታችሁ በጄሪካን ያመጣንላችሁ አላችሁ። ጣሪያ ላይ ታንከር ጨምረናል፣ ፓምፑን ቀይረናል። ኑና ጠዋት ታጠቡ።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ያሳፍራል የሚል ባለቤት እንዳለ አውቃለሁ። ግን እንግዳው የሚያውቀውን ነገር ደብቃችሁ ከማን ነው የምትደብቁት? ሌጎ የተባለው የመጫወቻ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 ሊወድቅ የደረሰ ኪሳራ ውስጥ ነበር። ከዋናው ሥራው ርቆ ብዙ ነገር ውስጥ ገብቶ ነበር፣ የዳነው ወደዚያች ትንሽ ፕላስቲክ ጡቡ ተመልሶ ነው። ዛሬ የሌጎ ታሪክ ሲነገር ያ ክፉ ዘመን ተዘሎ አይታለፍም። ሰው ሌጎን ይበልጥ የወደደው እንዲያውም በእሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሄዶ መመለስ የአስጎብኚዎችና የባለ ጀልባዎች ነው። እናንተ ግን ቁጥር ነው የምትሸጡት። 37 ደሴቶች፣ 20 ገዳማት፣ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን ማንም ሰው 37 ብሎ አይመኝም። እንግዳው ምን ይፈራል? ውሃ ይፈራል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ዋና አይችልም፣ ደፍሮም አይነግራችሁም። ጣና ደግሞ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳና ሞገዱ ይጀምራል። ይሄንን የባህር ዳር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፣ አንድም የጉብኝት ማስታወቂያ ላይ ግን ተጽፎ አላየሁም። «በጠዋት የምንነሳው ለዚህ ነው፣ ንፋሱ ሳይነሳ እንመልሳችኋለን፣ ላይፍ ጃኬታችሁ ይሄውላችሁ» ብትሉ ፍርሃቱ ታወቀ፣ የሚመልሰው ሰውም ታወቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ገዳማቱ የምትሉትን በሙሉ ጆሮው ያዳምጣል።

ኮሜዲ የሚችል ይሥራው፣ የማይችል አይንካው። በአለቃ ገብረ ሃና አገር ተቀምጠን ቀልድ አይሸጥም አልልም፤ ግን የእሳቸው ቀልድ ሁልጊዜ የሚነካው ሰው ነበረ፣ የዛሬ ማስታወቂያ ግን ማንንም ላለመንካት ሲል ዝም ብሎ ይጮኻል። ትራጄዲን ለመንገድ ደኅንነትና ለጤና መልእክት ተዉት። ሻይ ቅጠል ለመሸጥ ሰው አታስለቅሱ።

ቡና ነጋዴዎች፣ ረሳኋችሁ እንዳትሉ። የዘጌ ቡና ፓኬት ላይ የሚጻፈውን ዓይነት ላንብብላችሁ፦ «100% ንጹሕ፣ ኦርጋኒክ፣ ምርጥ የአረቢካ ቡና። በዘመናዊ መንገድ የተቆላ።» ይሄ ጅማም ይሆናል፣ ይርጋጨፌም ይሆናል። የቦታ ስም ገንዘብ መሆኑን እናውቃለን፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ የተከራከረችው፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋር የተስማማችው ለዚህ ነው። ዘጌ ደግሞ ከስም በላይ አለው። ዘጌ ላይ በትውፊቱ መሠረት በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ተክለው ቡናው ከእሷ በቀለ ይባላል። እስቲ ይሄን ስሙት፦

«በሬ የማይጠመድበት፣ ማረሻ የማይገባበት አገር ነው። ታዲያ ሰዉ በምን ይኖራል? በዚህ ቡና። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ከገዳማቱ አጥር ጎን በእጅ የተለቀመ ነው።»

ጥያቄው መሀል ላይ መቀመጡን ልብ አላችሁ? እርሻ የለም፣ እህል የለም፣ ታዲያ ምን ይበላል? አንባቢው አንድ አፍታ ይጨነቃል። ያቺ ጭንቀት ናት ፓኬቱን ከመደርደሪያው የምታስነሳው። ቡናው ለዚያ ጥያቄ መልስ ሆኖ ስለመጣ «ምርጥ» ማለት አላስፈለገንም። ስለ በትሩም ስትጽፉ «ይባላል» በሉ፤ ትውፊት በትውፊትነቱ ነው የሚያምረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ችግር ፍጠሩ አላልኩም። ያልደረሰ ችግር፣ ያልነበረች አያት፣ ያልተራበ ልጅነት እየፈጠሩ የሚለጥፉ አሉ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ያ አንድ ነገር ነው። ከአዋጁ በፊት ግን ባህር ዳር አለች። እዚህ ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ከማን እንደተበደረ፣ የማን ዓሣ ከትናንት እንዳደረ ሰው ያውቃል። ውሸቱ ኮሜንት ላይ በአምስት ደቂቃ ይወጣል። ደግሞም ለምን? እውነተኛ ችግር ያላነሰው ሰው ነው ነጋዴ። ዓሣው በአንድ ቀን ይበላሻል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንግዳ ይቀራል። ከዚህ ውስጥ ደንበኛችሁን የሚነካውንና እናንተ በእርግጥ የፈታችሁትን አንዱን ምረጡ።

ጥያቄ ሲባል ብዙ እጅ ተነሥቶ ነበር። አንዱን ብቻ ልጻፈው። አንዲት ከወረታ የመጣች ሩዝ ነጋዴ ተነሥታ «እኔ ታሪክ የለኝም፣ ሩዝ ነው የምሸጠው፣ ሩዝ ሩዝ ነው» አለች። ከረጢቷ ላይ ምን እንደተጻፈ ጠየቅኋት። «ኤክስፖርት ስታንዳርድ የፎገራ ሩዝ» ይላል። ኤክስፖርት ታደርጊያለሽ ወይ ስላት፣ አይ፣ እዚሁ ባህር ዳርና ጎንደር ነው አለች። ክረምት ላይ ሜዳው ምን ይመስላል ስላት ግን ማውራት ጀመረች፣ የሚያቆማት ጠፋ። ጉማራና ርብ ወንዞች ሞልተው እንደሚወጡ፣ ውሃው ቤት ድረስ እንደሚገባ፣ አባቷ ዘሩ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ እንዴት ይቆጡ እንደነበር። ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ጊዜ ነው፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች አሉበት። ገበሬው ሲጠላው የኖረውን ውሃ የሚወድ እህል ተገኘ። ዛሬ እንጀራው ውስጥ ሳይቀር ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል።

እህቴ፣ ታሪክሽ ይሄው ነው አልኳት። እዚያው ቆመን አብረን ጻፍነው፦ «ክረምት ጉማራና ርብ ሜዳችን ላይ ይተኛሉ። የዘራነው ሁሉ ይበሰብስ ነበር። ሩዝ ግን ውሃውን ወደደው፣ የያዝሽው እሱን ነው።»

ከረጢቱ ላይ ቦታ የለም አለችኝ። «ኤክስፖርት ስታንዳርድ» የሚለው ይውጣ፣ ይሄ ከፊት በትልቁ ይግባ፣ ኪሎውና ስልኩ ከታች ይሁን። ደግሞ ክረምት ሳይገባ አሳትሚው፣ ሰው ጎርፉን በዜና እያየ ከረጢቱን እንዲያነበው።